የ«ካክሃ ካክሃ» ፊልም ዘላቂ ተጽዕኖ

«ካክሃ ካክሃ» (ትርጉሙ «ጠብቅ፣ ጠብቅ» ማለት ነው) በጎታም ሜኖን ተጽፎና ተዘጋጅቶ ኦገስት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ የታሚል ቋንቋ የፖሊስ ፊልም ነው። መሪ ተዋናዮቹ ሱሪያና ጆቲካ ሲሆኑ፣ የወንጀለኛውን ቡድን መሪ የተጫወተው ጂቫን ነው። ፊልሙ የከተማ ፖሊስን ሥራ ከዚያ በፊት ባልተለመደ እውነታዊ አቀራረብ በማሳየቱ ለታሚል የፖሊስ ፊልሞች መለኪያ ሆኗል። በቴሉጉ፣ በሂንዲና በካናዳ ቋንቋዎችም ዳግም ተሠርቷል። በሌላ በኩል ተጠርጣሪን ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ በጥይት መግደልን እንደ ተራ የፖሊስ ሥራ ካስለመዱ ፊልሞች አንዱ ተደርጎ ይነሳል። በተለይ ከ2015 ወዲህ ይህ ጉዳይ በሕንድ ፊልም ሠሪዎች፣ ዳኞችና የመብት ተሟጋቾች ዘንድ አከራካሪ ሆኗል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳራ

በኢትዮጵያ «የሕንድ ፊልም» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በሙምባይ ከተማ በሂንዲ ቋንቋ የሚሠራው ፊልም ነው። የታሚል ፊልም ግን ማዕከሉ በደቡብ ሕንድ በምትገኘው ቼናይ የሆነ፣ የራሱ ቋንቋ፣ ኮከቦችና ተመልካቾች ያሉት ሌላ ኢንዱስትሪ ነው። ቼናይ የታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት።

በታሚል ናዱ ሲኒማና ፖለቲካ ለረጅም ጊዜ ተሳስረው የኖሩ ናቸው። ክፍለ ሀገሩን ለዓመታት በዋና ሚኒስትርነት የመሩት ካሩናኒዲ የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ነበሩ። ከ1977 እስከ 1987 የመሩት ኤም. ጂ. ራማቻንድራንና ከእሳቸው በኋላ ሥልጣን የያዙት ጃያላሊታ ደግሞ ዝነኛ ተዋናዮች ነበሩ። ስለዚህ በታሚል ናዱ አንድ ፊልም ስለ መንግሥትና ስለ ፍትሕ የሚያሳየው ነገር እንደ መዝናኛ ብቻ ታይቶ አይታለፍም።

የፖሊስ ገጸ ባሕርይ በታሚል ፊልም ውስጥ አዲስ አልነበረም። ሲቫጂ ጋኔሳን በ1974 በወጣው «ታንጋፓታካም» ፊልም ከልጁ ይልቅ ሕግን ያስቀደመ የፖሊስ መኮንን ሆኖ ተጫውቷል። በ1995 ካማል ሃሳን የተወነበት «ኩሩቲፑናል» ያለ ዘፈን የተሠራና በፖሊስና በታጣቂ ቡድን መካከል የሚደረገውን የስለላ ትግል የሚያሳይ ፊልም ነበር። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ፊልሞች ውስጥ የነበረው ፖሊስ ረጅም ንግግር የሚያደርግ፣ ብቻውን አሥርና ሃያ ሰው የሚጥል ጀግና ነው።

የፊልሙ ታሪክ

ዋናው ገጸ ባሕርይ አንቡሴልቫን በቼናይ የተደራጀ ወንጀልን የሚከታተል ረዳት የፖሊስ ኮሚሽነር ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በመሆን ሕግ ሊቀጣቸው አልቻለም የሚሏቸውን ወሮበሎች ያድናል፤ ይገድላልም። ቡድኑ አንድ የወንጀል መሪ ሲገድል የሟቹ ወንድም ፓንዲያ ወደ ከተማዋ ተመልሶ ቦታውን ይወርሳል፤ የፖሊሶቹንም ቤተሰቦች ማጥቃት ይጀምራል። በዚህ መሐል አንቡሴልቫን ማያ ከምትባል መምህርት ጋር ይፋቀርና ያገባታል። ማያ በፓንዲያ ታግታ ትሞታለች። ከአራቱ ጓደኛሞች አንዱ ሚስቱን ለማዳን ሲል ጓደኞቹን አሳልፎ ይሰጣል። በመጨረሻ አንቡሴልቫን ፓንዲያን ገድሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው አካባቢ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ክፉኛ ቆስሎ ሳለ ሲሆን፣ ያለፈውን የሚተርከው ራሱ ነው። ይህ በገጸ ባሕርይው ድምፅ የሚካሄድ ትረካ በኋላ የሜኖን ፊልሞች መለያ ሆኗል።

እውነታዊነቱ

ፊልሙ «እውነታዊ» የተባለው ዘፈንና የፍቅር ታሪክ ስለሌለው አይደለም። የሃሪስ ጃያራጅ ዘፈኖች ለፊልሙ ተወዳጅነት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አዲስ የነበረው የፖሊስን የዕለት ሥራ የሚያሳይበት መንገድ ነው። መኮንኖቹ ፀጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ፣ ብዙ ጊዜ የሲቪል ልብስ የሚለብሱ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። በስልክ ይጠባበቃሉ፣ መረጃ ይለዋወጣሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይደክማሉ። ጀግናው ይቆስላል፤ የሚወዳትንም ማዳን አይችልም። የራጃሴካር ካሜራና የአንቶኒ ኤዲቲንግ ድርጊቱን ያፋጥኑታል እንጂ እንደ ቀደሙት ፊልሞች አያጋንኑትም።

በዚያው በ2003 የወጣው የዳይሬክተር ሃሪ ፊልም «ሳሚ» ለማነጻጸር ይጠቅማል። ቪክራም የተወነበት «ሳሚ» የቀድሞውን ልማድ የተከተለ፣ ፉከራና ግነት የበዛበት የፖሊስ ፊልም ነው። ሁለቱ ፊልሞች በአቀራረብ ቢራራቁም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ወንጀለኛው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በዋናው ገጸ ባሕርይ እጅ ይሞታል። ልዩነቱ የ«ሳሚ» ተመልካች ተረት እንደሚያይ ሲያውቅ፣ የ«ካክሃ ካክሃ» ተመልካች ግን የፖሊስ ሥራ በእርግጥ እንዲህ የሚካሄድ መስሎ እንዲታየው መደረጉ ነው። በፊልሙ ላይ የቀረበው ዋና ትችት ከዚህ የሚነሳ ነው።

ዳግም ሥራዎችና ተከታዮች

ሜኖን በ2004 ፊልሙን ራሱ በቴሉጉ ቋንቋ «ጋርሻና» በሚል ርዕስ ሠራው። መሪ ተዋናዩ ቬንካቴሽ ነበር። በ2011 በሂንዲ «ፎርስ» በሚል ርዕስ በኒሺካንት ካማት አዘጋጅነት ዳግም ሲሠራ ጆን አብርሃም በመሪነት ተጫውቷል። በዚያው ዓመት የካናዳ ቋንቋ ቅጂም ወጥቷል።

ሜኖን ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሎች የፖሊስ ፊልሞችን ሠርቷል። እነሱም ካማል ሃሳን የተወነበት «ቬታያዱ ቪላያዱ» (2006) እና አጂት ኩማር የተወነበት «የናይ አሪንዳል» (2015) ናቸው። ሦስቱ ፊልሞች በታሪክ ባይቀጣጠሉም እንደ አንድ የፖሊስ ሦስትዮሽ ይታያሉ። በሁሉም ውስጥ ዋናው ሰው ሥራው የሚወዳቸውን ሰዎች የሚያስከፍለው መኮንን ነው።

የ2017ቱ «ቲራን አዲጋራም ኦንድሩ» ይህን መስመር ወደ ፊት ወስዶታል። በኤች. ቪኖት የተዘጋጀውና የሱሪያ ወንድም ካርቲ የተወነበት ይህ ፊልም፣ የታሚል ናዱ ፖሊስ በአውራ ጎዳና ዳር ያሉ ቤቶችን ይዘርፍና ነዋሪዎችን ይገድል በነበረ ቡድን ላይ ባካሄደው እውነተኛ ዘመቻ ላይ የተመሠረተ ነው። ፊልሙ የጣት አሻራ ፍለጋን፣ ወደ ሰሜን ሕንድ የተደረገ ረጅም ጉዞን፣ የበጀት እጥረትንና የቢሮክራሲ መጓተትን በሰፊው ያሳያል። ይሁንና አንድን ማኅበረሰብ በሙሉ በወንጀል ፈርጇል ተብሎ ተተችቷል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በ1871 ባወጣው ሕግ አንዳንድ ነገዶችን «በተፈጥሯቸው ወንጀለኛ» ብሎ መዝግቦ ስለነበር፣ ሕጉ ከነጻነት በኋላ ቢሻርም ጉዳዩ በሕንድ እስካሁን ስሜት የሚነካ ነው።

«ኢንካውንተር» በሕግና በፊልም

በሕንድ «ኢንካውንተር» የሚባለው ፖሊስ ከተጠርጣሪ ጋር ተኩስ ገጥሞ ተጠርጣሪው ሲሞት ነው። ቃሉ የተኩስ ልውውጥን ቢያመለክትም፣ በዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ታስቦበት የተፈጸመን ግድያ ለማመልከት ያገለግላል። በ1990ዎቹ በሙምባይ በዚህ ዓይነት ግድያ ስም ያወጡ ፖሊሶች በጋዜጣ እንደ ጀግና ይወደሱ ነበር።

የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ሕይወቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። ፖሊስ እንደ ማንኛውም ሰው ራሱን የመከላከል መብት አለው፤ መቅጣት ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2014 በሰጠው ውሳኔ በፖሊስ ተኩስ ሰው ሲሞት መከተል ያለባቸውን 16 መመሪያዎች አውጥቷል። ከእነዚህም መካከል ድርጊቱ በወንጀል መዝገብ እንዲመዘገብ፣ ምርመራው ከተኳሾቹ ጣቢያ ውጭ ባለ አካል እንዲካሄድ፣ የማጅስትሬት ምርመራ እንዲኖር፣ እንዲሁም ከድርጊቱ በኋላ ወዲያውኑ ለፖሊሶቹ ሹመት ወይም የጀግንነት ሽልማት እንዳይሰጥ የሚያዝዙት ይገኙበታል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ድርጊቱ ደጋፊ አላጣም። አንዱ ምክንያት የፍርድ ሂደት መጓተት ነው። በሕንድ ፍርድ ቤቶች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መዝገቦች ውሳኔ ይጠብቃሉ። አንድ የግድያ ወይም የመድፈር ጉዳይ ለዓመታት ሲጓተት የተጎጂ ቤተሰብ ተስፋ ይቆርጣል። የፖሊስ ፊልሞች መልስ የሚሰጡት ለዚህ ምሬት ነው።

ሆኖም ፊልሙ ለተመልካቹ የሚሰጠው፣ እውነተኛ ምርመራ ግን ሊሰጥ የማይችለው አንድ ነገር አለ። እሱም እርግጠኝነት ነው። «ካክሃ ካክሃ» ውስጥ ካሜራው ፓንዲያ ሲገድል ያሳያል። ተመልካቹ የዓይን ምስክር ስለሆነ ማስረጃም ሆነ ጠበቃ አያስፈልገውም። ፍርድ ቤት መሄድ ጊዜ ማባከን፣ የሰብዓዊ መብት ጥያቄም የሥራ እንቅፋት ሆኖ ይታየዋል። በእውነተኛው ዓለም ግን እንዲህ ያለ ካሜራ የለም። ያለው የፖሊስ መግለጫ ነው፤ የሚቃወመው ተጠርጣሪ ደግሞ ሞቷል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የታየው «ጋርሻና» በተሠራበት በቴሉጉ ተናጋሪው አካባቢ፣ በሃይደራባድ ከተማ ነው። በ2019 አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተደፍራ ከተገደለች በኋላ የተያዙት አራት ተጠርጣሪዎች ዲሴምበር 6 ቀን ከሌሊቱ መገባደጃ በፖሊስ ተገደሉ። ፖሊስ ተጠርጣሪዎቹ መሣሪያ ነጥቀው እንደተኮሱ ገለጸ። ሕዝብ በፖሊሶቹ ላይ የአበባ ጉንጉንና ቅጠል በተነ፤ ጣፋጭም ታደለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያቋቋመውና በቀድሞ ዳኛ የተመራው ኮሚሽን ግን የፖሊስን መግለጫ አልተቀበለም። በ2022 ይፋ የሆነው ሪፖርት ተኩሱ ሆን ተብሎ ለመግደል የተፈጸመ እንደነበር ደምድሞ፣ አሥር ፖሊሶች በግድያ እንዲከሰሱ ሐሳብ አቅርቧል። ከሟቾቹ ሦስቱ ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንደነበርም ገልጿል።

የአቅጣጫ ለውጥ

በታሚል ፊልም ውስጥ ይህን እርግጠኝነት መጀመሪያ በግልጽ ያፈረሰው የቬትሪማራን «ቪሳራናይ» («ምርመራ») ነው። ፊልሙ በ2015 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የታየ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሕንድን ወክሎ ለኦስካር ውድድር ቀርቧል። መነሻው የታሰረበትንና የተደበደበበትን ታሪክ የጻፈ አንድ የባጃጅ ሹፌር መጽሐፍ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር የሄዱ የታሚል የቀን ሠራተኞች ያልፈጸሙትን ስርቆት እንዲያምኑ ይደበደባሉ። ከዚያ ነጻ ቢወጡም ቼናይ ውስጥ በአንድ የፖሊስ ጣቢያ መስማት የማይገባቸውን ይሰማሉ፤ ፊልሙም በሐሰተኛ ኢንካውንተር ይደመደማል። ድርጊቱ በ«ካክሃ ካክሃ» ከታየው ጋር ተመሳሳይ ነው፤ የሚታየው ግን ከጥይቱ ፊት ከቆመው ሰው በኩል ነው። እውነታዊው አቀራረብም በተቃራኒው ዓላማ ላይ ውሏል።

ሁለተኛው መታጠፊያ ከፊልም ውጭ መጣ። በጁን 2020 በታሚል ናዱ ሳታንኩላም በተባለች ከተማ አንድ አባትና ልጅ የሞባይል ሱቃቸውን በኮሮና ምክንያት ከተወሰነው ሰዓት በላይ ክፍት አድርጋችኋል ተብለው ተያዙ። ሁለቱም በፖሊስ ጣቢያ ክፉኛ ተደብድበው በቀናት ልዩነት ውስጥ ሞቱ። በጣቢያው የምትሠራ አንዲት ፖሊስ ሌሊቱን ሙሉ እንደተደበደቡ ለመርማሪው ማጅስትሬት መሰከረች። የማዕከላዊ መንግሥቱ የምርመራ ቢሮም ዘጠኝ ፖሊሶችን ከሰሰ። በዚያን ሰሞን የ«ሳሚ»ና የ«ሲንጋም» ፊልሞች ዳይሬክተር ሃሪ ፖሊስን የሚያወድሱ አምስት ፊልሞች በመሥራቱ እንደሚጸጸት በይፋ ገለጸ። የ«ካክሃ ካክሃ» ተዋናይ ሱሪያም ድርጊቱን የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ።

ሱሪያ በቀጣዩ ዓመት በወጣው «ጃይ ቢም» ውስጥ ከአንቡሴልቫን ተቃራኒ የሆነ ሰው ሆኖ ቀረበ። በቲ. ጄ. ግናናቬል የተዘጋጀው ይህ ፊልም በ1993 በተፈጸመ እውነተኛ የእስር ቤት ሞት ላይ የተመሠረተ ነው። ሱሪያ የሚጫወተው በኋላ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑትን ጠበቃ ቻንድሩን ነው። ጠበቃው ባሏ በፖሊስ ተይዞ የጠፋባትን የኢሩላር ነገድ ሴት ወክሎ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቅርቦ ይከራከራል። ፊልሙን ያቀረበው ሱሪያና ጆቲካ በባለቤትነት የሚመሩት ድርጅት ነው። ሁለቱ በ2006 የተጋቡ ሲሆን፣ በ«ካክሃ ካክሃ» ፍትሕ በሽጉጥ ሲገኝ ያሳዩ መሪ ተዋናዮች ከ18 ዓመት በኋላ ፍትሕ በክርክርና በማስረጃ ሲገኝ የሚያሳይ ፊልም አቅርበዋል።

ሌሎች ፊልሞች ደግሞ ፖሊስን ከውስጥ መመልከት ጀመሩ። የ«ካክሃ ካክሃ» ጀግና በአገር አቀፍ ፈተና ተመርጦ በቀጥታ በመኮንንነት የሚጀምር ሰው ነው። «ራይተር» (2021) ግን በጣቢያ መዝገብ የሚጽፍ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ፖሊስን፣ «ታናካራን» (2022) የምልምል ፖሊሶች ሥልጠና ጭካኔን፣ የቬትሪማራን «ቪዱታላይ» (2023) ደግሞ ትእዛዝ መፈጸም የተሳነውን ተራ ኮንስታብል ያሳያሉ። በእነዚህ ፊልሞች ጭካኔ የአንድ ክፉ ፖሊስ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከበላይ ወደ በታች የሚወርድ አሠራር ሆኖ ይቀርባል።

ግናናቬል በ2024 ያቀረበው «ቬታያን» ጥያቄውን ወደ ኮከቡ ጀግና ራሱ አመጣው። ራጂኒካንት በኢንካውንተር የታወቀ መኮንን ሆኖ፣ አንዲትን መምህርት ደፍሮ ገድሏል የተባለን ወጣት ይገድላል። ቆይቶ ግን ወጣቱ ንጹህ እንደነበር ይታወቃል። አሚታብ ባቻን የተጫወተው ዳኛ የዘገየ ፍትሕ እንደሚጎዳ ሁሉ የተቻኮለም ፍትሕ እንደሚገድል ይሟገታል። ተመልካቹ ከመኮንኑ ጋር አብሮ እርግጠኛ ሆኖ፣ አብሮ ይሳሳታል።

ክርክሩ

ስለ ፊልሙ ተጽዕኖ የሚቀርቡት አስተያየቶች በሁለት ይከፈላሉ። የሚከላከሉት ወገኖች «ካክሃ ካክሃ» ግድያን እንደ ድል ብቻ እንዳላቀረበ ያነሳሉ። አንቡሴልቫን በመጨረሻ ሚስቱንና ጓደኞቹን ያጣ ሰው ነው፤ ግድያ ሌላ ግድያን እንደሚጠራም ፊልሙ ራሱ ያሳያል፤ ፓንዲያ የመጣው ወንድሙ ስለተገደለ ነው። ደግሞም ያለ ፍርድ መግደል ከፊልሙ በፊት የነበረ ድርጊት በመሆኑ ፊልምን በምክንያትነት መክሰስ የፖሊስንና የመንግሥትን ተጠያቂነት ይሸፍናል ይላሉ።

የሚተቹት በበኩላቸው ፊልም ግድያን ባይፈጥርም ጭብጨባውን ይፈጥራል ባዮች ናቸው። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ጎታም ፓቴል በሴፕቴምበር 2023 ባደረጉት ንግግር፣ የታሚሉ «ሲንጋም» የሂንዲ ቅጂ የሆነውን «ሲንግሃም»ን ጠቅሰው እንዲህ ያሉ ፊልሞች አደገኛ መልእክት እንደሚያስተላልፉ ተናግረዋል። በእነዚህ ፊልሞች ዳኞች ፈሪና ቸልተኛ ሆነው ሲቀርቡ፣ ፖሊስ ብቻውን ፍትሕ ሰጪ ይሆናል። በዳኛው አስተያየት የፍርድ ሥርዓት ዝግተኛ የሚሆነው የግለሰብ ነጻነት እንዳይነጠቅ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልግ ነው።

የአዲሶቹ ፊልሞች ለውጥም ሙሉ አይደለም። «ቬታያን» ኢንካውንተርን ቢተችም፣ የጀግናውን አገባብና ድብድብ በሚያደምቅ የኮከብ ፊልም ልማድ ውስጥ የተሠራ ነው። «ጃይ ቢም» ደግሞ መፍትሔውን በአንድ ብርቱ ጠበቃ ትከሻ ላይ ያኖራል ተብሎ ተተችቷል።

በጁላይ 2024 አንድ የታወቀ የፖለቲካ መሪ በቼናይ ከተገደሉ በኋላ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ሳለ በጥይት ሞቷል። ፖሊስ ተጠርጣሪው ለማምለጥ ሞክሮ እንደተኮሰ ገልጿል፤ የተቃዋሚ ፓርቲዎችም መግለጫውን ጥያቄ ውስጥ አስገብተዋል። ሰውየው ክሱ በፍርድ ቤት ሳይሰማ ስለሞተ፣ በግድያው የነበረው ድርሻ ምን እንደሆነና ማን እንዳዘዘው ከእሱ አንደበት ሊሰማ የሚችልበት ዕድል አብሮ ተዘግቷል።